ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ፦ ጣናን በትንሽ ጀልባ ማቋረጥ

መጀመሪያ ጣናን ያቋረጥኩ ጊዜ ከባሕር ዳር የተነሳነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነበር። ዳቦ ስንጠብቅ ነው የረፈደብን። ጓደኛዬ ትኩስ ዳቦ ካልያዝኩ አልሄድም አለ። እኛም ሳቅንና ጠበቅነው። ከዚያ በኋላ የደረሰብን ነገር ሁሉ የመጣው ከዚያ ዳቦ ነው።

ደቅ ደሴትን አለፍ እንዳልን ነፋሱ ተነሳ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ውሃው ሌላ ውሃ ሆነ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለው፣ አንዴ ጮኸ፣ ጠፋ። መልሕቅ ጣልን። አልያዘም። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጥታ መንገዋለል ጀመረች። ዳቦው በውሃ ርሶ እግራችን ሥር ይንሳፈፋል። እንዴት እንደወጣን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱን ደጋግሜ ሄጄበታለሁ። ይህን የምጽፈው ከ6 እስከ 8 ሜትር የሚሆን ባለ ሞተር ጀልባ ይዞ ወይም ተከራይቶ፣ ከጎጃም ዳርቻ ተነስቶ ጎርጎራ መድረስ ለሚፈልግ ሰው ነው። ለዘጌና ለክብራን ገብርኤል የግማሽ ቀን ሽርሽር ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። ከላይፍ ጃኬቱ በቀር። እሱ ለሁሉም ነው።

አንድ ነገር በቅድሚያ፦ መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ሳምንት ጠይቁ። ባሕር ዳር ወደቡ ላይም፣ የምትደርሱበት ቦታ ያለ ሰው ጋርም ደውሉ። ያለፈው ወር ወሬ ለዛሬ አይሆንም።

ሐይቅ ነው ብላችሁ አትናቁት

ጣና ርዝመቱ 84፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተቀመጠው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር አይመጣጠንም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ቢበዛ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ቀለል ይለዋል። መቅለል አልነበረበትም።

ውቅያኖስ ላይ ማዕበሉ ረጅም ነው። ጀልባ ቀስ ብላ ትወጣለች፣ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። የአንዱን ጀርባ ሳትወርዱ ሌላው ይደርስባችኋል። ጀልባዋ እፎይ የምትልበት ፋታ የላትም። ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ ማዕበል ሲወራ ሰምታችሁ «ይቺ ናት?» ትሉ ይሆናል። በ6 ሜትር ጀልባ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ በየጥቂት ሰከንዱ ስትቀበሉት ግን ወሬው ይቀየራል።

ነፋሱም የራሱ ፕሮግራም አለው። ቀን ላይ ፀሐይ መሬቱን ከውሃው ቀድማ ታሞቃለች። መሬት ላይ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲነሳ፣ የሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊሞላ ወደ ዳር ይነፍሳል። ሌሊት ይገለበጣል። ስለዚህ ባሕር ዳር ዳርቻ ከሰዓት በኋላ ቡና የሚጠጣ ሰው ነፋሱን ከሰሜን፣ ከሐይቁ በኩል ይቀበላል። ወደ ጎርጎራ ለምትሄዱት እናንተ ይህ ነፋስ ከፊታችሁ ነው ማለት ነው። ሐይቁን አጋምሳችሁ ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ስትጠጉ ደግሞ ከኋላችሁ ይሆናል። ሁለቱም የየራሳቸው አደጋ አላቸው። እደርስበታለሁ።

ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ የሚያውቁት ባለ ታንኳዎቹ ናቸው። ከዘጌ እንጨት ጭነው ባሕር ዳር የሚመጡትን አይታችሁ ከሆነ ሰዓታቸውን ልብ በሉ። ውሃው ሳይነቃ ነው የሚንቀሳቀሱት። ታንኳ ከደንገል፣ ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ሸምበቆ መሰል ተክል፣ ነው የሚሠራው፣ ሥራውንም ከነገደ ወይጦ የሚስተካከል የለም። ደንገል ውሃ ይጠጣል። እየጠጣ ይከብዳል። ተጎትቶ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ዕድሜው ያጥራል።

የጣና ደንገል አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ እንደሄደ የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ከእኛው ደንገል «ራ» የተባለች ጀልባ አሠርቶ ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሳ። ኋላዋ እየሰመጠ፣ ጎኗ ውሃ እየጠጣ ሄዳ ሄዳ ባርቤዶስ ሳትደርስ ተበታተነች። በዓመቱ በ«ራ 2» ደገመው፣ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ። እናንተ ግን የሐይቁን መሀል በታንኳ ለማቋረጥ አታስቡ። ታንኳ የዳር ዳር ጀግና ነው፤ ሄየርዳልም ቢሆን ሁለት ጊዜ ነው የሞከረው።

ወሩ እና ሰዓቱ

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ጥሩ ነው። ሰማዩ የጠራ ነው፣ ሐይቁም ሞልቷል። ውሃው ከፍ የሚለው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፤ ዝቅ የሚለው ደግሞ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። ያን ጊዜ ጥቅምት ላይ ያለፋችሁበት ቦታ ላይ ድንጋይ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ሐምሌና ነሐሴን ተዉአቸው። መብረቁ፣ ዝናቡና ወንዞቹ ይዘውት የሚመጡት ግንድ አንድ ላይ ነው የሚመጣው።

ሰዓቱ ከወሩም ይበልጣል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ ገርጥቶ የእጃችሁን ጣት መቁጠር ስትችሉ፣ ሞተሩ መነሳት አለበት። ከዚያ በፊት ጨለማ ነው፣ መረብ አይታይም። ከዚያ በኋላ የምታባክኑት እያንዳንዱ ሰዓት ከሰዓት በኋላ በእጥፍ ይከፈላል። የእኔ ሕግ አንድ ነው፦ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ክፍት ውሃ ላይ አልገኝም። አምስት ሰዓት ሲሆን የትም ብሆን ቅርብ ወዳለው ዳር እዞራለሁ።

ለዚህ ነው ጉዞውን ለሁለት ቀን የምከፍለው። ከባሕር ዳር ጎርጎራ በቀጥታ ቢለካ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደህና ውሃ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በወረቀት ላይ በአንድ ጠዋት ያልቃል። ብዙ ሰውም በአንድ ጠዋት ይሞክረዋል። ግን አንድ ነገር ሲበላሽ፣ ካንዴላ ሲቆሽሽ፣ መረብ ሲጠመጠም፣ የመጨረሻው 20 ኪሎ ሜትር ልክ የነፋሱ ሰዓት ላይ ይወድቃል። ደቅ ላይ አንድ ሌሊት ማደር ይህን ያስቀረዋል።

ሞተርና ነዳጅ

ከፍታውን አትርሱ። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 ከመቶ ያህል ያጣል። ጣና ላይ ያ ሲደመር ከስድስት አንድ እጅ ገደማ ነው። ወረቀቱ ላይ 40 ፈረስ ጉልበት የሚለው ሞተር እዚህ 33 እና 34 ቢሆን ነው። ሻጩ 8 ሰው ይጭናል ካላችሁ 6 ጫኑ።

ነዳጅ እንዲህ አስሉት። ባለ 40 ሞተር በመካከለኛ ፍጥነት በሰዓት 12 ሊትር ይበላል እንበል። 5 ሰዓት በ12 ሲባዛ 60 ሊትር ነው። አሁን ማዕበል ጨምሩበት። ፍጥነታችሁ በግማሽ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ግን ያንኑ ይበላል። ስለዚህ የምትይዙት 120 ሊትር ነው፣ ስድስት ባለ 20 ጀሪካን። ለመልሱ የሚሆነውን ጎርጎራ ላይ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ፤ ቀድማችሁ በስልክ አረጋግጡ። ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ የሚሰጠው ዓይነት፣ ከሆነ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው የሚገባው፣ 50 ለ 1። ግን የሞተሩን መመሪያ እዩ፤ አንዳንዱ ይለያል። ድብልቁን ቤት ውስጥ፣ ረጋ ብላችሁ ሥሩት። ማዕበል ላይ ሆኖ ዘይት የለካ ሰው የት እንደሚያፈሰው አይቻለሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ እንዳይኖር። የእኛን ሞተር የገደለው ይህ ነው። ጀሪካኑን ያከራየን ሰው ከዚያ በፊት ውሃ ቀድቶበት ኖሯል፤ እኛም ሳናይ ሞላንበት። አሁን የማደርገው ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ጀሪካን ሥር ጥቂት ቤንዚን በላስቲክ ቱቦ ስቤ ንጹህ ሃይላንድ ውስጥ እጨምራለሁ። ብርሃን ላይ ይዤ 5 ደቂቃ እጠብቃለሁ። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል። ካለ ጠርሙሱ ሥር እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ጥርት ብሎ ይለያል፤ ጠርሙሱን ዘንበል ስታደርጉት ዶቃው ለብቻው ይንከባለላል። ያን ዶቃ ካያችሁ ያ ጀሪካን አይሄድም። ቱቦውን በአፍ አትሳቡት፣ በፓምፕ ይሁን።

መሣሪያ ብዙ አያስፈልግም። ሁለት አዲስ ካንዴላ ከነመፍቻው፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ትርፍ የቤንዚን ፊልትሮ፣ የማስነሻ ገመድ፣ ስለታም ቢላ። ትንሽ ሞተር ከሆነ የፕሮፔለሩን ፒን በትርፍ ያዙ፤ ድንጋይ ሲነካ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው። ደግሞ ሁለት እውነተኛ መቅዘፊያ። አንዱ ይሰበራል ብላችሁ ቁጠሩ።

መልሕቅ፣ ሰው የሚረሳው ነገር

ውቅያኖስ ላይ ሞተርና ሸራ ያጣ መርከበኛ መልሕቅ አይረዳውም፤ ሥሩ ኪሎ ሜትሮች ይወርዳል። ጣና ላይ ግን ረጅም ገመድ ያለው ሰው የትም ቦታ መቆም ይችላል። የሐይቁ ትልቁ ስጦታ ይህ ነው፣ ግን የሚጠቀምበት ጥቂት ነው።

መልሕቅ የሚይዘው በክብደቱ አይደለም። ገመዱ ተጋድሞ መልሕቁን በአግድም ሲስበው ነው ጭቃው ውስጥ የሚነክሰው። ለዚህ ገመዱ የጥልቀቱን አምስት እጥፍ መሆን አለበት። 14 ሜትር በ5፣ 70 ሜትር። እኛ የያዝነው 20 ሜትር ነበር። ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሎ መልሕቁን እንደ ፔንዱለም ያወዛውዘዋል።

ያዳነን አብሮን የነበረ የዘጌ ሰው ነው። ዕድሜው ከአባቴ የሚበልጥ፣ መንገዱን ሁሉ ዝም ብሎ የመጣ።

«ልጄ፣ ያላችሁን ገመድ ሁሉ አምጡ» አለ።

የጀሪካን ማሰሪያው፣ የሸራው ገመድ፣ የአንዱ ልጅ የፍየል መጎተቻ፣ ሁሉም ወጣ። እየቋጠረ ቀጠለው። ከሁለቱ ገመድ ጫፍ አንዱን ሲያጥፍ፣ ሌላውን በእሱ ውስጥ ሲያሳልፍ፣ ዞሮ በራሱ ሥር ሲያስገባና በጥርሱ ሲያጠብቀው አየሁት። እጁ አይንቀጠቀጥም። ከዚያ ገመዱን ወስዶ ከፊት፣ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ አሰረው። እኛ ያሰርነው ከኋላ ነበር። ገመዱ ተወጠረ፣ ጀልባዋ ዞራ ፊቷን ለማዕበሉ ሰጠች፣ ቆመች። ያን ጊዜ ነው ካርቡራቶሩን ፈትተን ውሃውን ማፍሰስ የቻልነው።

«ከኋላ የታሰረች ጀልባ ውሃ በጀርባዋ ነው የምትጠጣው» አለኝ በኋላ። ከኋላ አትሰሩ። ሞተሩ ያለበት ጎን ዝቅተኛና ከባድ ነው፤ ማዕበሉ በቀጥታ ይገባል።

መልሕቅም ካልያዘ ባልዲ በገመድ አስራችሁ ከፊት ጣሉ። ውሃ ሞልቶ ይጎተታል፣ አፍንጫችሁን ወደ ነፋሱ ይይዛል። እንደ መልሕቅ አያቆምም፣ ግን ጎናችሁን ከመስጠት ያድናል።

ሰው፣ ዕቃ፣ ምግብ

ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው። ተቀምጠውበት ሳይሆን ለብሰውት፣ ማሰሪያው ታስሮ። ማዕበል መሀል ጃኬት መልበስ በፎጣ ውስጥ ሸሚዝ እንደመቀየር ነው።

ከባዱን ዕቃ መሀል ላይና ሥር አድርጉ። 120 ሊትር ቤንዚን 90 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ አንድ ወፍራም ሰው ያህላል። ሁሉንም ኋላ ከከመራችሁት አፍንጫዋ ሰማይ ታያለች። ጀሪካኖቹን እሰሩ። የላላ ጀሪካን እግር ይሰብራል።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ደረቅ ልብስና ጋቢ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ ይያዝ። የጣና ውሃ በረዶ አይደለም፣ ግን ረጥቦ ነፋስ ላይ የተቀመጠ ሰው በግማሽ ሰዓት ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። እጁ የደነዘዘ ሰው ገመድ አይቋጥርም።

ምግብ ላይ ጎጃም ተባርኳል። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ። በሶ በትንሽ ማር ተበጥብጦ ሆድ አይረብሽም፣ እሳትም አይፈልግም። ጠዋት ቅባት የበዛበት ፍርፍር በልታችሁ እንዳትነሱ፤ ለዓሣው ነው የምትመልሱት። ሆዱ ቶሎ የሚገለበጥ ሰው ካለ የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ከመነሳቱ አንድ ሰዓት በፊት ይዋጥ፤ ፋርማሲ ውስጥ ለጉዞ ብላችሁ ጠይቁ። ከጀመረው በኋላ መዋጥ ዋጋ የለውም። መሀል ላይ ይቀመጥ፣ ስልኩን ይዝጋ፣ ሩቅ ያለውን ዳር ይመልከት። ዝንጅብል ማኘክም ይረዳል።

የመጠጥ ውሃ በነፍስ ወከፍ በቀን 4 ሊትር። የሐይቁን አትጠጡ። ዳር ላይ ቢልሃርዚያም አለ፤ ሸምበቆ ውስጥ በባዶ እግር አትቁሙ።

መንገዱ

የመጀመሪያው ክፍል ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ ጫፍ ነው፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስትነሱ ወደ ዓባይ መውጫው አትጠጉ። ሞተር ጠፍቶባችሁ ውሃው ይዟችሁ ቢሄድ ከፊታችሁ ጨረጨራ ግድብ አለ። ጉማሬም እዚያው አካባቢ ይውላል። ጉማሬ ስታዩ ክብ ዞራችሁ እለፉ፤ በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል አትግቡ፣ ለፎቶም አትጠጉ።

ይህ ክፍል የመረብ ሰፈር ነው። አሣ አጥማጆቹ ማታ ይጥሉታል፣ ጠዋት ይሰበስቡታል። ተንሳፋፊው ባዶ ሃይላንድ ነው፤ ውሃ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሁለት ሃይላንድ በመስመር ካያችሁ መካከላቸው መረብ አለ። አንድ ሰው አፍንጫው ላይ ተቀምጦ ይህን ብቻ ይይ። ከተጠመጠመባችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ አንሱት፣ ፕሮፔለሩን ወደኋላ እያዞራችሁ ፍቱት። መረብ የሰው እንጀራ ነው፤ ቢላ የመጨረሻ ነው።

ከዘጌ እስከ ደቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በስተግራችሁ ርቆ ግልገል ዓባይ ሐይቁን ይቀላቀላል፣ ከሰከላ ግሼ ዓባይ ተነስቶ የመጣው። ክረምትና ክረምት ማብቂያ ላይ ውሃው ድንገት ቡናማ ሲሆን ፍጥነት ቀንሱ። ጭቃው ደለል ሠርቷል፣ ግንድም ግማሽ አካሉን ደብቆ ይንሳፈፋል።

ደቅ 3 ሰዓት አካባቢ ትደርሳላችሁ። የቀኑ ጉዞ እዚህ ያበቃል። «ገና ጠዋት ነው፣ እንቀጥል» የሚል ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። አትስሙት። የእኛም የዳቦው ሰውዬ ነው ያንን ያለው። ቀኑን ናርጋ ሥላሴን እዩበት፤ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው፣ ሥዕሉ ብቻውን ጉዞውን ይክሳል። አጠገቡ ባለው ትንሽ ደሴት ላይ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አጽም ያረፈበት ነው፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ዐፄ ፋሲልን ጨምሮ። ሴቶች አይገቡበትም፤ ቡድናችሁ ውስጥ ሴቶች ካሉ ደቅ ላይ ቆዩ። ለማደር የደሴቱን ሰዎች ወይም ካህናቱን በትሕትና ጠይቁ። ጀልባዋን ነፋስ በማይደርስበት ጎን፣ በሁለት ገመድ እሰሩ።

ከደቅ በኋላ ያለው ነው እውነተኛው ማቋረጥ። ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ክፍት ውሃ። አቅጣጫው ቀላል ነው፤ ከደቅ ጎርጎራ ቀጥታ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። ኮምፓስ ይበቃል። ስልክ ላይ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ፤ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ ኔትወርኩ ግን መሀል ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ለሁለት ሰው ደውሉ፦ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ ጎርጎራ። የምትደርሱበትን ሰዓት ንገሯቸው። ያ ሰዓት አልፎ ሦስት ሰዓት ከቆያችሁ ለማን እንደሚደውሉም ንገሯቸው።

በስተምዕራብ ቁንዝላና ከሱ በላይ ደልጊ አሉ። ከቀድሞ ጀምሮ የሐይቁ መርከብ የሚቆምባቸው ቦታዎች ናቸው። ነፋሱ ቀድሞ ከተነሳ መግቢያችሁ እነሱ ናቸው። ቀድማችሁ ካርታው ላይ ምልክት አድርጉባቸው፤ ማዕበል ላይ ሆኖ ካርታ መፈለግ አይሆንም።

ውሃው ሲነሳ

ነፋስ ከመድረሱ በፊት ይታያል። ውሃው ላይ ከሩቅ ጥቁር መስመር ይሰመራል፤ የጠራው ውሃ ያልቃል፣ የሻከረው ይጀምራል። ያ መስመር ወደ እናንተ ከመጣ ጥቂት ደቂቃ አላችሁ። ጃኬት አጥብቁ። የላላ ዕቃ እሰሩ። የነዳጅ ሰልባቲዮውን ሙሉ፣ አሁን፣ በኋላ አትችሉም። ሰው ሁሉ ከመቀመጫ ወርዶ ወለሉ ላይ ይቀመጥ። ዝቅ ባለ ቁጥር ጀልባዋ ትረጋለች።

ማዕበሉ ከፊት ሲመጣ በቀጥታ በግንባር አትግጠሙት፤ ጀልባዋ ዘልላ ትወድቃለች፣ አጥንቷም የእናንተም ወገብ አይችለውም። በትከሻ ተቀበሉት። አፍንጫዋን ከማዕበሉ ትንሽ ወደ ጎን፣ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያህል፣ አዙሩና በዝግታ ውጡ። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ነዳጅ ቀንሱ፣ ስትወርዱ ትንሽ ስጡ። ይህ ከአቅጣጫችሁ ያወጣችኋል። ጥቂት ደቂቃ ወደ ግራ ከሄዳችሁ በኋላ ወደ ቀኝ አዙሩና ሚዛኑን መልሱ። ቀስ ይበሉ ብዬ አልነግራችሁም፤ ጀልባዋ ራሷ ትነግራችኋለች። ሥሯ ጧ ብሎ ከመታ ፈጥናችኋል።

ከኋላ ሲመጣ ይበልጥ ያታልላል። ቀላል ይመስላል፤ እየገፋችሁ ነዋ። ግን ማዕበሉ ኋላዋን አንስቶ ቁልቁል ሲያንሸራትታት አፍንጫዋ የፊተኛው ማዕበል ጀርባ ውስጥ ይሰካል፣ ኋላዋ ወደ ጎን ይዞራል፣ ትገለበጣለች። ከማዕበሉ ጋር አትሩጡ። ከጀርባው ላይ ቆዩ፣ ከእሱ ፍጥነት ሳታልፉ። እየሸሸች ካስቸገረች ረጅም ገመድ ወይም ያን ባልዲ ከኋላ ጎትቱ፤ ፕሮፔለሩ እንዳይጠቀልለው ግን ገመዱን የሚይዝ ሰው ይኑር።

መዞር ካለባችሁ ጠብቁ። ማዕበል በቡድን ነው የሚመጣው። ትላልቆቹ ሦስት አራቱ ካለፉ በኋላ ውሃው ትንሽ ይተነፍሳል። ያኔ ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ አንድ ጊዜ ዙሩ። ግማሽ መንገድ ላይ አትመንቱ።

አንድ ሰው ጣሳ ይዞ ሥራው ውሃ መቅዳት ብቻ ይሁን። ጀልባ ውስጥ የሚንገዋለል ውሃ ከጭነት የከፋ ነው፤ ወደ ዘነበለችበት ጎን ይሮጣል።

ሰው ከወደቀ አንድ ሰው ጣቱን ወደ እሱ ቀስሮ ዓይኑን አይንቀል። ሥራው ያ ብቻ ነው። ማዕበል ውስጥ ራስ እንደ ቡሽ ጠፋ ብቅ ይላል። ጀልባዋን ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ወደ ሰውየው አምጡ፣ ሲቃረብ ሞተሩን አጥፉ። ፕሮፔለር እያሽከረከራችሁ ሰው አታንሱ። ጀልባዋ ብትገለበጥ ደግሞ ከእሷ አትለዩ። ዳሩ ቅርብ ይመስላል። አይደለም። የሚፈልጋችሁ ሰው ቀድሞ የሚያየው ጀልባዋን ነው።

ስለ መብረቅ አጭሩን ልንገራችሁ። ብልጭታውን አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠሩ፣ ለ3 አካፍሉት። ርቀቱ በኪሎ ሜትር ያ ነው። ቆጠራው 30 ሰከንድ ከሆነና እያነሰ ከመጣ ወደ ዳር። በሐይቅ ላይ ከፍ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

ጎርጎራ ስትደርሱ

ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ስትጠጉ በስተምሥራቅ፣ በመገጭ ወንዝ መግቢያና በደምቢያ በኩል፣ እምቦጭ ሊገጥማችሁ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሐይቁን የያዘው አረም። ከሩቅ አረንጓዴ ሜዳ ይመስላል፣ ነፋስም እየገፋ ከቦታ ቦታ ያዘዋውረዋል። ውስጡ አትግቡ። ፕሮፔለሩን ያንቀዋል፣ ውሃ ማቀዝቀዣውን ይደፍናል፣ ሞተሩ ይግላል። ከሞተሩ ኋላ የሚፈሰውን ቀጭን ውሃ ሁልጊዜ ተመልከቱ፤ ከቆመ ወዲያው አጥፉና አጽዱት።

ጎርጎራ ገብታችሁ ስታስሩ መጀመሪያ ለሁለቱ ሰዎች ደውሉ፣ «ገብተናል» በሉ። ከዚያ ጀልባዋን አድርቁ፣ ገመዱን ፀሐይ ላይ አንጠልጥሉ፣ የቀረውን ቤንዚን ለኩና ጻፉት። የሚቀጥለው ስሌታችሁ ከግምት ወደ ቁጥር የሚቀየረው በዚያ ነው። ከዚያ የቀረሶ ዓሣ ጥብስ ብሉ፤ ደብረ ሲና ማርያምን ሳታዩ አትመለሱ።

ለመልሱም ሰዓቱ ያው 12 ነው። ዳቦውን ማታውኑ ግዙ።